በኮኑ ግርጌ የታሰረ ቀይ ክር

የእህቴ ልጅ ሰላም ቂሊንጦ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ትሠራለች። ባለፈው እሑድ እኔ ቤት ምሳ ከበላን በኋላ ስለ ሥራዋ ስታጫውተኝ፣ ዚፕ የሚያቀርብላቸውን ነጋዴ ትተው በርካሽ የሚሸጥ ሌላ መያዛቸውን ነገረችኝ። ልብሱን ከእነሱ የሚረከበው ድርጅት ግን ይህን አያውቅም።

«ለምን አልነገራችሁትም?» አልኳት።

«እንዴ እትዬ፣ እሱማ የድርጅት ምስጢር ነው» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ሳህኖቹን አንስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች።

«ተቀየሙኝ እንዴ?»

«አንቺን አይደለም» አልኳት። እውነቴን ነው። የተቀየምኩት ሰው ከሞተ ቆይቷል። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ንዴቱ ግን እንዳለ ነው። ለሰላም ቁጭ ብዬ ማስረዳት ስላልቻልኩ በጽሑፍ ላድርገው ብያለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፋብሪካ ስገባ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። አባቴ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ስለነበር ቤታችን አቃቂ፣ ጣቢያው አጠገብ ነበር። ፋብሪካው ደግሞ ከወንዙ ማዶ። ስሙን አልጽፍም፤ ባለቤቶቹ ቢያልፉም ልጆቻቸው ይኖሩ ይሆናል። ከቆላ እርሻዎች ጥጥ እየገዛ ክር ይፈትላል፤ ክሩን ለሸማኔዎች፣ ለብርድ ልብስና ለሹራብ ሠሪዎች ይሸጣል።

መጀመሪያ የተመደብኩት ደመወዝ ክፍል ነበር። ሥራው ስም መገልበጥ ነው። ክፍያው ላላገባች ልጅ አያንስም፤ ነገር ግን ከመስኮቱ ባሻገር የሚታየው ግድግዳ ብቻ ስለነበር አልወደድኩትም። ኋላ ክር መመርመሪያ ክፍል ሰው ሲጎድል የሚሄድ ጠፋ። ክፍሉን የሚመሩት ጋሽ መኩሪያ ነገረኛ ናቸው ይባል ነበር። እኔ ሄድኩ።

ጋሽ መኩሪያ ከድሬዳዋ የመጡ፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ ነጭ ፎጣ የሚጠመጥሙ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ፈትል ቤት ገብተው እዚያው ጎልምሰዋል። ነገረኛ የተባሉት አንድ ጥያቄ ስለሚደጋግሙ ነው። ክር ይዞ የቀረበውን ሁሉ «ይህ የማን ነው?» ይሉታል። እኔ በመጀመሪያው ቀን «የፋብሪካው ነው» ብዬ መለስኩ።

«ፋብሪካው ሹራብ ይለብሳል?»

«አይለብስም።»

«እንግዲያው የማን ነው? ሄደሽ ጠይቂና ነይ።»

ሄጄ ጠየቅሁ። መጋዘን ያሉት «መኩሪያ አንቺንም ጀመረሽ?» ብለው ሳቁብኝ። ክሩ ቃሊቲ ላለ ብርድ ልብስ ሠሪ የሚሄድ ነበር። ይህን ስነግራቸው ነው ተቀብለውኝ መመርመር የጀመሩት። ለብርድ ልብስ የሚሆን ክር ላላ ብሎ ቢፈተል ይሻላል፤ ሲበጠር ፀጉሩ እንዲነሳ። ለሸማኔ ድር የሚሆነው ግን ጠበቅ ማለት አለበት፤ ካልጠበቀ መወርወሪያው ሲመላለስበት ይበጠሳል። የማን እንደሆነ ሳይታወቅ አንድን ክር ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ማለት አይቻልም ይሉ ነበር።

ክሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አራርቀን እንጠመጥማለን፤ ነጩ በጥቁሩ ላይ ጉብታውና ቅጥነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለክተን በትንሿ ሚዛን እንመዝናለን። እስኪበጠስ ስበን ጥንካሬውን እናያለን። ይህን ሁሉ መሣሪያ ይነግረናል። እሳቸው ግን በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ክሩን በላይኛው ከንፈራቸው ላይ ቀስ አድርገው ይጎትቱታል። «ጣት ሥራ በዝቶበት ይደነዝዛል፤ ከንፈር አይደነዝዝም» ይሉኝ ነበር። እኔም ለመድኩት። እስከ ዛሬ ክር ስገዛ ባለሱቁ ዘወር ሲል ከንፈሬ ላይ አደርገዋለሁ።

አንድ ነገር ግን በሰሌዳም፣ በሚዛንም፣ በከንፈርም አይታወቅም። ጥጥ ከእርሻ እርሻ ይለያያል። ከሁለት እርሻ ጥጥ የተፈተሉ ክሮች በነጭነታቸው ሲታዩ አንድ ናቸው። ቀለም ውስጥ ሲገቡ ግን አንዱ ቀለሙን ጠግቦ ይጠጣል፣ ሌላው ይለግማል። ሁለቱ በአንድ ሹራብ ላይ ከተቀላቀሉ መስመር መስመር ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚያስተካክለው የለም። ጋሽ መኩሪያ አዲስ ጥጥ በተፈተለ ቁጥር የቆየውንና አዲሱን ክር እያፈራረቁ የእጅጌ ያህል ጨርቅ ያሠሩና በትንሽ ድስት ጥቁር ሰማያዊ ቀለም አፍልተው ይነክሩታል። ጨርቁ ሲደርቅ ወይ አንድ ወጥ ነው፣ ወይ እንደ ሜዳ አህያ ተዥጎርጉሯል።

ሲዥጎረጎር ምን ይደረግ? ጥጡ አንዴ ተገዝቷል። ክሩም ደህና ክር ነው፤ ለብቻው ከተቀለመ ምንም ነውር የለበትም። የሚያስፈልገው ገዢው ማወቁ ብቻ ነው። ስለዚህ ጋሽ መኩሪያ ቀይ ክር አመጡ። ክር የሚጠቀለልበትን የወረቀት ቀፎ እኛ ኮን እንለዋለን። ጥጡ ተለውጦ ቀለሙ የተለየ እንደሆነ በእያንዳንዱ ኮን ግርጌ ቀይ ክር ይታሰራል። ትርጉሙ «ቤትህ ካለው ጋር አትቀላቅለው፣ የቆየውን መጀመሪያ ጨርስ» ነው። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ጽሑፍ አያነቡም ነበር። ቀይ ክር ግን ሁሉም ያነባል።

ቋጠሮው ራሱ የሸማኔ ቋጠሮ ነበር፤ ትንሽ፣ ሲስቡት ይበልጥ የሚጠብቅ። ጋሽ መኩሪያ ግራኝ ስለነበሩ ረጅሙ ጭራ በግራ በኩል ይወጣ ነበር። እኔ ግራኝ አይደለሁም፤ ግን ከእሳቸው ስለተማርኩ የእኔም ጭራ በግራ ወጣ።

ከገዢዎቹ ሁሉ ይህን ምልክት አጥብቀው የሚይዙት አቶ ከድር ነበሩ። ከስልጤ አገር በወጣትነታቸው መጥተው በሱቅ በደረቴ ንግድ ጀመሩ፤ ኋላ የሹራብ መኪኖች ገዝተው ቃሊቲ ላይ አንድ ሰፊ ቤት ከፈቱ። ሴቶች ቀጥረው የተማሪ ሹራብ ያሠራሉ። ሹራቡ በነጩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በበርሜል ቀለም ይነከራል። ጋሽ መኩሪያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ ሄደው መኪኖቹ አጠገብ ቁጭ ይላሉ። ክር ሲቆራረጥ ከድምፁ ያውቁታል። አንድ ቀን እኔንም ይዘውኝ ሄዱ።

አቶ ከድር ከበሩ ሳንገባ «መኩሪያ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትሰልል መጣህ?» አሉ።

«መኪኖችህ ሲያስነጥሱ አቃቂ ድረስ ተሰማኝ።»

«ያንተን አቧራ እየጠጡ ምን ያድርጉ? ይህችን ልጅ ደግሞ ለምን ታለፋታለህ?»

«ከንፈሯን እያሠለጠንኩ ነው።»

«ስማ፣ ይህን ነገር ሌላ ሰው ፊት እንዳትናገረው» አሉ አቶ ከድር። ሴቶቹ መኪናቸውን አቁመው ሳቁ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ሳቁ ሲያልቅ አቶ ከድር ማንም ሳይጠይቃቸው ያወሩ ጀመር። ሊመጣ ላለው ዓመት ትምህርት ቤቶቹ ጥቁር ሰማያዊ እንደሚፈልጉ፣ ከሰኔ ጀምሮ ቀጠን ያለ ክር ብዙ እንደሚያስፈልጋቸው፣ አሁን ግን ሁለት መኪና ስለቆመባቸው ፋብሪካው ክር እንዳይጭንባቸው ነገሩን። ጋሽ መኩሪያ ሰኞ ዕለት ይህን ለፈትል ክፍሉ ካቦ ያስተላልፋሉ፤ ካቦው የሚፈትለውን ያስተካክላል። ብርድ ልብስ ሠሪዎቹም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ማንም ግድ አላላቸውም። እኛ የኛን ስለምንነግራቸው እነሱም የነሱን ይነግሩናል። ፋብሪካው በዚህ ምን ያህል እንደተጠቀመ የገባው ያለ አይመስለኝም፤ ነገሩ በነፃ ይመጣ ነበራ።

ከዚያ ጋሽ መኩሪያ ሳንባቸውን ታመሙ። የጥጥ ብናኝ ነው። ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ። ድስቱንና የቀይ ክሩን ጥቅል ለእኔ ትተውልኝ ነበር። «ይህ የማን ነው?» አልኳቸው ድስቱን እያሳየሁ። ሳቁ፣ ሳሉ፣ ሄዱ። ከዚያ በኋላ በዓይኔ አላየኋቸውም።

በዚያው ሰሞን የሽያጭ ክፍሉን እንዲመራ አቶ ፍስሐ መጣ። ያኔ አንቱ እለው ነበር። በጽሑፍ ግን አንቱ አልለውም፤ ዕድሜዬ ይህን ያህል መብት ይሰጠኛል ብዬ አምናለሁ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ሰላምታው መልካም፣ ልብሱ ንጹሕ፣ ለሴት ሠራተኛ ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ነው። አንድ ቀን ቢሮው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ኮን አለ።

«ወይዘሪት ጽጌ፣ ይህ ምንድን ነው?»

አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ።

«ስለዚህ ለደንበኛው ጥጥ ለውጠናል ብለን እየነገርነው ነው።»

«አዎ።»

«ለምን?»

ጥያቄው ግራ አጋባኝ። «እንዲያውቅ ነው» አልኩት።

«ካወቀ ምን ያደርጋል? ዋጋ ቀንሱ ይላል። ወይም ሄዶ ለሌላ ፋብሪካ ያወራል። ጥጥ መቼ እንዳለቀብን፣ መቼ ሌላ እንደገዛን ተወዳዳሪዎቻችን ቀይ ክር እያዩ ይከታተሉናል። ይህ የድርጅት ምስጢር ነው።»

«ምስጢር ሊሆን አይችልም። ሹራቡ ሲቀለም ይታያል።»

«ያኔ ይታይ» አለ።

ከዚያ ቢሮው ውስጥ ወደነበሩት ሁለት ጸሐፊዎች ዞሮ «ለሚስቴም የማልነግራት ስንት ነገር አለ፤ እንኳን ለሹራብ ሠሪ» አለ። ሳቁለት።

«እንዳላስር ነው የሚሉኝ?» ብዬ ጠየቅሁት። ግልጽ ቃል ፈልጌ ነበር።

«ላስብበት» አለኝ። ስለዚህ አልተከለከልኩም። ያልተከለከልኩትን ሥራዬን ቀጠልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከቆላው እርሻ የመጣው ጥጥ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እርሻው ምንም አልነገረንም። የነገረን የጭነት መኪናው ሹፌር ነው፤ በር ላይ ሻይ እየጠጣ «የድሮው ማሳ ውሃ በላው፣ ይሄ ከታችኛው ነው» ሲል ዘበኛው ሰማው። እኔ ወዲያው ጨርቁን አሠርቼ ነከርኩት። ተዥጎረጎረ። እንደዚያ የተዥጎረጎረ አይቼ አላውቅም።

ጨርቁን ይዤ ወደ አቶ ፍስሐ ቢሮ ስሄድ ከኮሪደሩ ጀምሮ ድምፁ ይሰማ ነበር። ስልክ ላይ ነው። እርሻውን ይጮህበታል። «እንዴት ሳትነግሩን ትለውጣላችሁ? እኛ ደንበኞቻችሁ አይደለንም? አንድ ቃል ብትነግሩን ምን ነበረበት?» ይላል። ቃል በቃል ነው የጻፍኩት። እስኪጨርስ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ገብቼ የተዥጎረጎረውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ላቡን እየጠረገ አየው። «ደህና፣ አየሁት» አለኝ። አሁን የገባው መስሎኝ ወጣሁ።

ክር ከሚጠቀልሉት ሴቶች ጋር ተቀምጠን በኮኖቹ ሁሉ ግርጌ ቀይ ክር አሰርን። ጣቴ እስኪላጥ አሰርኩ። ኮኖቹ ወደ መጋዘን ሄዱ፤ ከመጋዘን ተጫኑ። እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው፣ አቶ ከድር ወደ ፋብሪካው መጡ። ዘበኛው ስለሚያውቃቸው አስገባቸው። ቀጥታ ወደ መመርመሪያ ክፍል መጥተው በጆንያ የያዙትን ሹራብ ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጡት። አንዱን አነሳሁ። ደረቱ ጥቁር ሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ የገረጣ መስመር፣ አንዱ እጅጌ ከሌላው የተለየ። ሌላ አነሳሁ። ያው ነው። ሁሉም ያው ነው።

«ትምህርት ቤቱ ለልጆቻችን የእስረኛ ልብስ ሠራህ ብሎ መለሰልኝ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ሌላ ሠርቼ የማደርስበት ጊዜ የለኝም።»

«ቀይ ክር ነበረው እኮ» አልኩ። «ለምን ቀላቀሉት?»

«አልነበረውም።»

«በእጄ ነው ያሰርኩት።»

«ልጄ፣ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ኮኖቹን አንድ ባንድ ገልብጬ አየሁ። ቀይ ክር የለውም ብዬ ነው የቀላቀልኩት።»

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ አነጋገራቸው ነው። ምልክት ከመጀመሪያውም ባይኖር ኖሮ ተጠንቅቀው ለየብቻ ሠርተው ይነክሩት ነበር። ዓመታት ሙሉ ምልክቱን እንዲያምኑ ያስተማርናቸው እኛ ነን። ምልክቱ ሳይኖር ሲያዩ «ያው የድሮው ነው» ብለን የነገርናቸው ያህል ነው። ዝም አላልናቸውም፤ ዋሸናቸው።

ተያይዘን አቶ ፍስሐ ዘንድ ገባን። ከወንበሩ ተነስቶ አቶ ከድርን በትሕትና አስቀመጣቸው። ሹራቡን አላየውም።

«ክሩ ተመርምሮ ያለፈ ነው። ጥንካሬው ደህና ነው። የማቅለሙ ሥራ የእርስዎ ነው» አላቸው።

«ቀይ ክሩስ?» አሉ አቶ ከድር።

«የትኛው ቀይ ክር? ውላችን ላይ ቀይ ክር የሚል ነገር አለ?»

አቶ ከድር ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ አስሬዋለሁ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አቶ ፍስሐ የመጋዘኑን ኃላፊ አስጠራ። ሰውየው ገብቶ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ «እኔ ቀይ ክር አላየሁም ጌታዬ» አለ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ይኸው» አለ አቶ ፍስሐ። «ወይዘሪት ጽጌ ረስተውት ይሆናል። ሥራ ይበዛባቸዋል።»

አቶ ከድር ብድግ አሉ። ከቢሮው ወጥተን ደረጃው ላይ ስንደርስ ቆሙና ዞረው አዩኝ። «መኩሪያ ቢኖር አይረሳም ነበር» አሉኝ። ደረጃውን ወርደው ሄዱ። እኔም የማሳየው ነገር አልነበረኝም። የሰደቡኝ አለቆች አሉ፤ ከሥራዬ ያነሱኝም አሉ። እንደዚያች ዐረፍተ ነገር የከበደኝ የለም።

በዚያ ዓመት አቶ ከድር የትምህርት ቤቶቹን ሥራ አጡ። ሴቶቹ ተበተኑ። መኪኖቹን በየተራ ሸጧቸው፤ የመጨረሻው በጋሪ ተጭኖ በፋብሪካችን በር አልፎ ሲሄድ ከመስኮት አየሁት።

ወሬው ቃሊቲን ዞረ። ገዢዎች ቀይ ክር ያለውንም የሌለውንም ማመን ተዉ። እንግዲህ አቶ ፍስሐ የፈለገው ምስጢር ተገኘ። የተገኘው ግን ከሁለቱም በኩል ነው። ማን ምን እንደሚፈልግ መንገር ቀረ። አንዱ እንዳይጎድልበት የሚፈልገውን እጥፍ ያዛል፤ ኋላ ግማሹን አልወስድም ይላል። ሌላው ሥራ እንደቆመበት ይደብቃል። ካቦው በግምት ይፈትላል። ወፍራም ሲፈተል ቀጭን ይፈለጋል፤ ቀጭን ሲፈተል ፈላጊ ይጠፋል። መጋዘኑ ሞልቶ ኮኖቹ ኮሪደር ላይ ተከመሩ።

ያኔ ሥራ አስኪያጁ ደንበኞችን ሰብስቡልኝ አለ። በምግብ አዳራሹ ተሰበሰቡ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ስለተፈለገ እኔ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሹራብ ሠሪዎቹ አቶ ከድርን በሽማግሌነት ለምነው ይዘዋቸው መጥተዋል፤ ያኔ አንድም መኪና የላቸውም። አቶ ፍስሐ ተነስቶ ተናገረ። ደንበኛና ፋብሪካ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን፣ ለሚመጣው ዓመት ስንት ክር እንደሚፈልጉ በግልጽ ካልነገሩን ጥጥ መግዛት እንደማንችል፣ መደባበቅ ሁላችንንም እንደሚጎዳ አስረዳ። የኔኑ ቃል መልሶ እየነገረኝ ነበር። ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ባንድ ጠየቃቸው። አንዱ «እግዜር ያውቃል» አለ። አንዱ «ኢንሻአላህ፣ እንደ ገበያው ነው» አለ። ብርድ ልብስ ሠሪው ጭራሽ ጉሮሮዬን አመመኝ አለ። ተራው ሲደርስ አቶ ከድር ቀስ ብለው ተነሱ።

«እኛ ልንነግራችሁ ፈቃደኞች ነን» አሉ። «ግን በምን ምልክት እንንገራችሁ? ቀይ ክር እንሰር?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሥራ አስኪያጁ አልገባውም። ወደ አቶ ፍስሐ ዞረ፤ አቶ ፍስሐ ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር። «ምን ማለታቸው ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ማንንም ሳይለይ።

ተነሳሁ። በሕይወቴ በሰው ፊት የተናገርኩት ያን ዕለት ብቻ ነው። ጥጥ ሲለወጥ ለደንበኛ እንነግር እንደነበረ፣ እንዴት እንደምንነግር፣ እርሻው ለእኛ ሳይነግር ሲቀር ማን በስልክ እንደጮኸ፣ እኛ ለአቶ ከድር ሳንነግር ስንቀር ግን ማን «ምስጢር ነው» እንዳለ ተናገርኩ። «ቀይ ክሩን አስሬዋለሁ። ከዚህ ግቢ ሳይወጣ ጠፍቷል» አልኩ። ተቀመጥኩ። ብዕሬን መልሼ አነሳሁ።

በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ወደ ውዳቂ መጋዘን።

ውዳቂ መጋዘን ማለት ከየክፍሉ የሚጠረግ ብጥስጣሽ ክርና የወደቀ ጥጥ በጆንያ የሚከማችበት፣ ፍራሽ ሠሪዎች መጥተው የሚገዙበት ቆርቆሮ ቤት ነው። ቅጣት መሆኑ ግልጽ ነበር። አላለቀስኩም። ጆንያዎቹን እንደየመጡበት ክፍል መለየት ጀመርኩ፤ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው እንዲያው ከምሯቸው ሄዷል። ከሥር ያሉት የቆዩ ናቸው።

ከሥር ከነበሩት አንዱ ከክር መጋዘኑ የተጠረገ ነበር። ስፈታው ከላይ ነጭ ብናኝ ነው። እጄን ሰድጄ ስዝቅ ቀይ ሆኖ ወጣ። ጆንያው በቀይ ክር ቁራጭ የተሞላ ነበር። በመቀስ ከቋጠሮው ጎን ጎን ተቆርጦ ነው የተጣለው። ቋጠሮዎቹ አልተፈቱም። እንዳሰርኳቸው ነበሩ።

በመሐረብ የቻልኩትን ያህል ቋጥሬ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ቃሊቲ ሄድኩ። አቶ ከድር መኪኖቹ በነበሩበት ቤት ውስጥ ሱቅ ከፍተዋል፤ ሳሙና፣ ስኳር፣ ክብሪት ይሸጣሉ። ሲያዩኝ ሰላምታ ሰጡኝ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። መሐረቡን ባንኮኒው ላይ ፈታሁት።

ወደ ባንኮኒው ጎንበስ አሉ። ከዚያ አንዱን ቋጠሮ አንስተው ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት።

«ጭራው በግራ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«የመኩሪያ እጅ ነው።»

«የእኔ ነው። እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ።»

ቋጠሮውን በጣታቸው አሹት። አንዲት ሴት ሳሙና ልትገዛ ገብታ ብትጠብቅም አላስተዋሏትም።

«እንግዲያው ነግረሽኝ ነበር» አሉ።

«ነግሬዎት ነበር።»

መሐረቤን አራግፈው መለሱልኝ። ቀይ ክሮቹን ግን አልመለሱልኝም። አንድ ባንድ ለቅመው ከሚዛኑ አጠገብ ባለች ባዶ ጣሳ ውስጥ ከተቷቸው፤ ጣሳዋንም ገዢ ሁሉ በሚያያት ቦታ፣ ባንኮኒው መሐል ላይ አስቀመጧት።

«ፍስሐ ሳሙና ሊገዛ የመጣ ቀን አሳየዋለሁ» አሉ።

በሠፈሩ ያልፍ ነበር። ወደዚያ ሱቅ ግን አንድም ቀን አልገባም።